ከቧንቧ ዕቃ የተሠራው ሰይፍ

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ አንድ አሻንጉሊት ነው። “የቤተሰብ ዓምድ ከአሻንጉሊት ጋር ምን አገናኘው?” እንዳትሉኝ፤ እስከ መጨረሻው ታገሡኝ።

ባለቤቴ የቧንቧ ሠራተኛ ነው። ጠዋት ጂራቱቢውንና ሰጌቶውን በከረጢት ይዞ ይወጣል፤ ማታ እጁ ተልጦ፣ ልብሱ ረጥቦ ይገባል። ቤታችን የቆመው፣ ልጆቻችንም የሚማሩት በዚያ እጅ ነው። አንድ ቀን የ12 ዓመቱን ልጃችንን ቦርሳ ሳስተካክል ከትምህርት ቤት የተላከ ቅጽ አገኘሁ። “የአባት ሥራ” በሚለው ቦታ ላይ በልጄ የእጅ ጽሑፍ “መሐንዲስ” ተብሎ ተሞልቷል። ከታች የወላጅ ፊርማ ቦታ ገና ባዶ ነበር።

ምን ላድርግ? ልጁን ብቆጣው ነገሩ ከአባቱ ጆሮ ይደርሳል። ለባለቤቴ ብነግረው ልቡ ይሰበራል። ቅጹን ወደ ቦርሳው መልሼ ዝም አልኩ። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?

በዚያው ሰሞን ልጃችን “ስታር ዋርስ” የተባለውን ፊልም አይቶ ኖሮ “የብርሃን ሰይፍ ካልገዛችሁልኝ” ብሎ ያዘን። ዋጋውን ስንሰማ የወር አስቤዛችንን የሚያናጋ ሆነ። እኔ “አይሆንም” አልኩ። ባለቤቴ ግን “እስቲ ሥዕሉን አምጣው” አለው። ልጁ ኦቢ-ዋን ኬኖቢ የተባለው ሽማግሌ የያዘውን ሰይፍ ፎቶ አሳየው። ባለቤቴ መነጽሩን አድርጎ ትንሽ ካየ በኋላ በጣቱ የእጀታውን ጫፍ ነካና “ይህቺ እኮ የቧንቧ መክፈቻ ናት!” አለ። ልጃችን ሳቀ። “አባዬ ደግሞ! ይሄ የጠፈር መሣሪያ ነው እኮ!”

ነገሩን ስናጣራ ትክክል የነበረው አባትየው ሆኖ ተገኘ።

የጠፈር መሣሪያ ከየት ይመጣል?

“ስታር ዋርስ” እ.ኤ.አ. በ1977 ለሕዝብ የቀረበ ፊልም ነው። ሲሠራ የነበረው ገንዘብ ለሐሳቡ ስፋት የሚበቃ አልነበረም፤ ወጪው በጠቅላላ ወደ 11 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ስለዚህ እንግሊዝ አገር የነበሩት የዕቃ አዘጋጆች አዲስ መሣሪያ ከመፈብረክ ይልቅ ከአሮጌ ዕቃ መሐል መፈለግ ጀመሩ። የኦቢ-ዋን ሰይፍ እጀታ ከጀት ሞተር ቧንቧ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከነበረ የጠመንጃ ቦምብ አካልና ከሌሎች ቁርጥራጮች ተገጣጥሞ ተሠራ። ጫፉ ላይ የተገጠመው ግን በእንግሊዝ ቤቶች ውስጥ ይገኝ የነበረ የቧንቧ መክፈቻ እጀታ ነው።

የወጣቱ የሉክ ሰይፍም እንዲሁ ነው። የዕቃ አዘጋጁ ሮጀር ክርስቲያን ለንደን ውስጥ ከአንድ ፎቶ ካሜራ መደብር የድሮ ካሜራ ፍላሽ እጀታ አገኘ። በላዩ ላይ ጥቁር የጎማ ቁራጮችና ከሒሳብ ማሽን የወጣ ትንሽ ፕላስቲክ ለጠፈበት፤ አለቀ። እ.ኤ.አ. በ1978 ይኸው ሰው ከባልደረቦቹ ጋር ለዚያ ፊልም የመድረክ ዝግጅት የኦስካር ሽልማት ተቀበለ።

ከዚያም በፊት እ.ኤ.አ. በ1963 የእንግሊዙ ቢቢሲ “ዶክተር ሁ” በተባለው ተከታታይ ፊልሙ ዳሌክ የሚባሉ አስፈሪ ፍጥረቶችን አቅርቦ ነበር። የአንዱ ዳሌክ ክንድ ምን መሰላችሁ? የተደፈነ ማጠቢያ የሚከፈትበት ያ ባለ እንጨት እጀታ ጎማ! ባለቤቴ ይህን ሲሰማ እንባው እስኪወርድ ሳቀ፤ ያን ዕቃ በየቀኑ ይዞት ይዞራልና።

እኛ እንዴት ሠራነው?

በቤታችሁ ልትሞክሩት ብትፈልጉ አካሄዱ ቀላል ነው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ይበቃል።

1ኛ. ከህንፃ መሣሪያ መደብር ባለ አንድ ኢንች የፕላስቲክ ቱቦ ቁራጭ፣ ሁለት ሶኬት፣ አንድ የጫፍ መዝጊያ ካፕና ጥቂት ክብ ጎማዎች ግዙ። ቱቦውን ወደ 28 ሳንቲ ሜትር አድርጋችሁ በሰጌቶ ቁረጡት። መጋዙን የሚይዘው አዋቂ፣ ቱቦውን የሚለካው ልጅ ይሁን።

2ኛ. በቱቦው ላይ የታተመው ጽሑፍ እንዲጠፋና ቀለም እንዲይዝ በብርጭቆ ወረቀት አሹት። አቧራው እንዳይነሣ ውኃ እየነከራችሁ አሹ፤ ከዚያ አጥባችሁ አድርቁት።

3ኛ. ሶኬቶቹን እያስገባችሁ እያወጣችሁ የሚያምረውን ቦታ ፈልጉ። እዚህ ላይ አትቸኩሉ፤ ልጁ ይወስን። እኛ ቤት አባትና ልጅ በአንድ ሶኬት ቦታ ላይ ግማሽ ሰዓት ተከራከሩ፤ በመጨረሻ የልጁ ሐሳብ አሸነፈ።

4ኛ. የጫፉን ካፕ መሐሉን ብሱና አሮጌ የቧንቧ መክፈቻ እጀታ በብሎን እሰሩበት። ባለቤቴ ከአንድ ቤት ቧንቧ ሲቀይር “ጣለው” የተባለውን እጀታ ከከረጢቱ አወጣ።

5ኛ. ብርማ ስፕሬይ ቀለም ውጭ፣ ነፋስ ባለበት ቦታ ቀቡት። አንዴ በወፍራሙ ከመቀባት በስሱ ሦስት ጊዜ መደራረብ ይሻላል። ጥቁር ጎማዎቹ የሚገቡት ቀለሙ ከደረቀ በኋላ ነው። መያዣው ላይ ጥቁር ናስትሮ ብትጠመጥሙ ያምራል።

6ኛ. አሁን ዕቃው አዲስ ይመስላል፤ ችግሩም ይኸው ነው። ጥቂት ጥቁር ቀለም በጨርቅ እያሻችሁ ወዲያው ጥረጉት። ቀለሙ በየስንጥቁ ይቀርና ዕቃው ለዓመታት የተሠራበት ይመስላል። የዚያ ፊልም ዕቃዎች ሰው ያመናቸው ከዚህ የተነሣ ነው፤ የተጫረ፣ የቆሸሸ፣ ባለቤት ያለው ዕቃ ይመስሉ ነበር።

“ብርሃኑስ?” ትሉ ይሆናል። በፊልሙ ላይ የምናየው ብርሃን ከቀረጻ በኋላ በሥዕል የተጨመረ ነው። ተዋናዮቹ በእጃቸው የያዙት እጀታና ዘንግ ብቻ ነበር። ልጅም እጀታውን ይያዝ እንጂ ብርሃኑን በሐሳቡ ይጨምረዋል።

ወላጆች ልብ በሉ

የፕላስቲክ ቱቦን ለማጣመም ብላችሁ በእሳት አታሙቁ፤ ሲቃጠል የሚወጣው ጭስ ሳንባን የሚጎዳ መርዝ ነው። ወንድምና እህት የሚመታቱበት ብረት ወይም ዱላ አትግጠሙበት።

ደግሞም ከቧንቧ ዕቃ ሽጉጥ የሚመስል ነገር አትሥሩላቸው። በአሜሪካ አገር በክሊቭላንድ ከተማ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2014 አንድ የ12 ዓመት ልጅ የመጫወቻ ሽጉጥ ይዞ መናፈሻ ውስጥ ሳለ ፖሊስ እውነተኛ መስሎት ተኩሶ ገደለው። መጫወቻ መሆኑን የሚያመለክተው የብርቱካን ቀለም ጫፍ ወልቆ ነበር። ይህ ጽሑፍ በውጭ አገር ልጆች ለሚያሳድጉ አንባብያንም ይደርሳልና አደራ እላለሁ።

ሳንነጋገር የከረምንበት ጉዳይ

ሰይፉ ያለቀው ሊመሽ ሲል ነው። በማግስቱ የጎረቤት ልጆች ሲሰበሰቡ እኔ መስኮት አጠገብ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር። አንዱ “ከየት ተገዛ?” አለው። ጆሮዬን አቆምኩ። ልጄ ትንሽ ዝም አለና “አልተገዛም። ከአባዬ ጋር ነው የሠራነው። አባዬ የቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ ፎቶውን አንዴ አይቶ ነው ያወቀው” አለ። እጀታውን አዙሮ እያሳየም “ይሄ የእውነት የቧንቧ መክፈቻ ነው፤ ፊልሙም ላይ እንደዚሁ ነው” ብሎ ያስረዳቸው ጀመር።

ዓይኔን ያቃጠለው ሽንኩርቱ ብቻ አልነበረም።

ያን ምሽት ልጆቹ ከተኙ በኋላ ድፍረት አገኘሁና የቅጹን ነገር ለባለቤቴ አጫወትኩት። እንዳይከፋው እየፈራሁ፣ ቃል እየመረጥኩ ነበር። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝና “አውቃለሁ” አለኝ።

“እንዴት አወቅህ?”

“የፈረምኩት እኔ ነኝ። ልጁ እጁ እየተንቀጠቀጠ ነበር ያመጣልኝ። አንብቤ ፈረምኩለት። ለአንቺ ብነግርሽ ትቆጪዋለሽ ብዬ ተውኩት።”

ውድ አንባብያን፣ ያን ሁሉ ሳምንት በአንድ አልጋ ላይ ተኝተን፣ በአንድ ገበታ በልተን፣ ሁለታችንም አንዱን ቁስል ለየብቻ ይዘን ከርመናል። እኔ እሱን ላለማሳዘን፣ እሱ ልጁን ለማትረፍ። ሐሳባችን ፍቅር ነበር፤ ነገር ግን ዝምታችን ሁለታችንንም ብቻችንን አስቀረን። ባለቤቴ ያን ቅጽ ሲፈርም ምን እንደ ተሰማው ያኔ ጠይቄው ቢሆን ኖሮ ሸክሙን እካፈለው ነበር።

ስለዚህ ለዚህ ወር ሁለት የቤት ሥራ እሰጣችኋለሁ። የመጀመሪያው ለአባቶች ነው። የሥራ ከረጢታችሁን አንድ ቅዳሜ ለልጆቻችሁ ክፈቱላቸው። አናጺ ብትሆኑ፣ ልብስ ሰፊ ወይም ሾፌር፣ እጃችሁ የሚያውቀውን ነገር ይዩ። ልጅ በአባቱ ሥራ የሚያፍረው ብዙ ጊዜ ሥራውን ስላላየው ነው።

ሁለተኛው ለባልና ሚስት ነው። “እንዳላሳዝነው”፣ “እንዳላስቆጣት” ብላችሁ ያኖራችሁት ነገር ካለ፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ተቀመጡና ተነጋገሩበት። ምናልባት ሌላኛችሁ ቀድሞ ያውቀው ይሆናል።

ቅጹን በተመለከተ ልጃችንን አልገሠጽነውም። በሚቀጥለው መስከረም አዲስ ቅጽ ይመጣል። ያኔ ምን እንደሚሞላ እሱ ራሱ ይወስናል፤ እኔና አባቱም አብረን እንፈርማለን።

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ሰላም ለቤታችሁ ይሁን።