የግያዝ መሐላ፦ በስብከት ላረጀን ወንድሞች የተጻፈ ማስጠንቀቂያ

ወንድሞቼ፣ ስንገናኝ ወሬያችን ሁሉ ስለ ወጣቶቹ ሆኗል። እገሌ ነቢይ ነኝ አለ፣ እገሌ ዘይት ሸጠ እንላለን። እኔን ያስፈራኝ የእኛ ነገር ነው። ሕዝቡ ሽበታችንን አይቶ አምኖናል፤ ከመድረክ የተናገርነውን የሚያጣራ የለም።

የነቢዩን የኤልሳዕን አገልጋይ ግያዝን አስቡት። ከውጭ ሰርጎ የገባ አሳች አልነበረም። የኤልሳዕን በትር ይዞ ወደ ሞተው የሱነማዊቷ ልጅ የሄደ የቤት ሰው ነው። የሶርያው የጦር አለቃ ንዕማን ከለምጹ በነጻ ጊዜ፣ ጭኖት ከመጣው ከዐሥሩ መክሊት ብርና ከስድስቱ ሺህ ሰቅል ወርቅ ስጦታ ተቀበለኝ ብሎ ለመነ። ነቢዩ በሕያው እግዚአብሔር ምሎ እምቢ አለ። ግያዝ ደግሞ በዚያው በሕያው እግዚአብሔር ምሎ ሊቀበል ሮጠ። ከጌታው አፍ የሰማውን መሐላ ለገንዘብ አዋለው። ለራሴም አላለም፤ ሁለት የነቢያት ልጆች ከተራራማው ከኤፍሬም አገር በእንግድነት መጥተዋል አለ። አንድ መክሊት ጠይቆ ሁለት ተሰጠው። ንዕማን ግን የእስራኤል አምላክ ጸጋውን እንደማይሸጥ ተምሮ ወደ አገሩ እየተመለሰ ነበር። ለአዲስ አማኝ የተሰጠውን ያን ትምህርት ግያዝ መንገድ ላይ አበላሸው።

እኔ ራሴ የነበርኩበትን ልንገራችሁ፤ ስም አልጠራም። አንድ የኮንፈረንስ እንግዳ መጋቢው ቢሮ ሻይ እየጠጣ፣ ዛሬ እነማን እንደሚመጡ ጠየቀ። መጋቢው በየዋህነት አጫወተው። ከፊት የምትቀመጠው እኅት ልጅ አጥታ ስንት ዘመን እንደጸለየች ሳይቀር ነገረው። እንግዳው በቁራጭ ወረቀት ጽፎ መጽሐፍ ቅዱሱ ውስጥ ሸጎጠው። ከዚያ መድረክ ላይ ወጥቶ ‹‹ጌታ እያሳየኝ ነው›› አለና የእሷን ጉዳይ ተናገረ። እኅታችን መሬት ላይ ተደፍታ አለቀሰች፤ ቦርሳዋ ውስጥ የነበረውንም ሁሉ አውጥታ ሰጠች።

ለብቻው ጠርቼ ስጠይቀው ‹‹ጋሼ፣ እምነቷ እንዲነሣሣ ብዬ ነው›› አለኝ። እሱም እንደ ግያዝ ለራሴ አላለም። ሽማግሌዎቹ ሕዝብ እንዳይሰናከል በዝምታ እንለፈው አሉ። እውነቱን የነገርኳት እኔ ነኝ። አንገቷን ደፍታ ቆየችና ‹‹ታዲያ ጌታ ስለ እኔ ምንም አላለም ማለት ነው?›› አለችኝ። ያቺን ጥያቄ የሚመልስ ስብከት እስከ አሁን አላገኘሁም።

እኛ እንዲህ ያለ ነገር አናደርግም ትሉ ይሆናል። ከመጽሐፍ ያነበቡትን ታሪክ ‹‹አንድ ቀን እኔ›› ብሎ መጀመርስ? ዳር አገር ደርሶ መጥቶ ያመኑትን ሰዎች ቁጥር ማብዛትስ? ቅዳሜ በሽማግሌዎች ስብሰባ የተቃወመንን ወንድም እሑድ በጥቅስ መምታትስ? ባለ ገንዘቡ ከፊት ተቀምጧልና ስለ ሠራተኛ ደመወዝ የሚናገረውን ክፍል መዝለልስ? ወረቀት ሸጉጦ ወደ መድረክ የሚወጣ ሰው የጀመረው ከእነዚህ ከአንዱ ይመስለኛል።

በደርግ ዘመን በየሰው ቤት መስኮት ዘግተን ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ስንሰብክ፣ ሰባኪን የሚጠብቀው ትርፍ እስር ቤት ነበር። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ከአገር የመውጣት ዕድል እያላቸው መንጋቸውን አልተዉም፤ ሐምሌ 1971 ዓ.ም. ታፍነው ተገደሉ። በዚያ ጊዜ ለምን ጥቅም ትሰብካለህ ተብሎ የሚጠየቅ ሰው አልነበረም። ዛሬ ግን መድረክ ያበላል፣ ያስከብራል፣ ዋሽንግተንና ዳላስ ድረስ ያስጋብዛል። ከሪያድና ከቤሩት በስልክ የምትከታተለን እኅት፣ ፓስፖርቷን አሠሪዋ የያዘችባት፣ ደመወዟን በስንት ልመና የምትቀበለዋ፣ ‹‹ዘር ዝሪ›› ብለን ገንዘብ ስንጠይቃት የወር ደመወዟን ትልካለች። ፊታችን ተቀምጣ ስለማናያት እሷን ማታለል እንዴት ቀላል ነው!

አገልጋይ ከአገልግሎቱ አይብላ አላልኩም። ጳውሎስም ከፊልጵስዩስ የተላከለትን ተቀብሏል። በተሰሎንቄ ግን በማንም ላይ ላለመክበድ ሌሊትና ቀን በእጁ ሠራ። ለኢየሩሳሌም ድሆች የተሰበሰበውን ገንዘብም ብቻውን አልያዘም፤ ማንም እንዳይጠረጥረው ከቲቶ ጋር አብያተ ክርስቲያናት የመረጡትን ሰው አብሮ ላከ። እንዲህ ያለ ሐዋርያ ምስክር ከፈለገ፣ እኛ ‹‹ጌታ ልቤን ያውቃል›› ብለን የምናመልጠው በምን ድፍረት ነው? ጌታማ ያውቃል፤ የሚያስፈራውም እሱ ነው።

እንግዲህ የምለምናችሁ ይህን ነው። እንግዳ ሰባኪ ሲመጣ ስለ ምእመናን ጉዳይ ማንም አይንገረው። ለእንግዳ የሚሰጠው ስጦታ በፖስታ ከእጅ ወደ እጅ አይተላለፍ፤ መጠኑ በመዝገብ ይግባ፣ ሽማግሌዎችም ይወቁት። እኔም ሰብኬ ስወርድ ‹‹ያ ያወራኸው ታሪክ በእርግጥ በአንተ ላይ የደረሰ ነው?›› ብላችሁ ያዙኝ። እናንተንም እንደዚሁ እጠይቃችኋለሁ፤ አትቀየሙኝ።