ስለቱ የጠፋበት እጀታ

በእንግሊዝ የእርሻ ማሳዎች ላይ ሜታል ዲቴክተር ይዘው የሚመላለሱ ሰዎች አልፎ አልፎ አንዲት የነሐስ ሥራ ያገኛሉ። ርዝመቷ ከጣት ብዙም አይበልጥም። አዳኝ ውሻ ጥንቸል ሲያባርር ያሳያል፤ ውሻው ተንጠራርቶ አፉን ከጥንቸሏ ኋላ አድርሷል፣ ጥንቸሏ ደግሞ ጆሮዋን አጥፋ ወደፊት ትሸሻለች። በሁለቱ ገላ መካከል ያለው ቦታ ተፈልፍሎ ስለወጣ ብርሃን ያሳልፋል። በጥንቃቄ በተሠሩት ላይ ጡንቻው ሳይቀር ይለያል። ተቸኩሎ በተሠሩት ላይ ግን ሥዕሉ ወደ ጥቂት ማዕዘኖች ወርዷል፤ ውሻና ጥንቸል መሆናቸውን የሚያውቀው ከዚያ በፊት ሌሎቹን ያየ ሰው ብቻ ነው። ዕቃዋን ገልበጥ ሲያደርጉ በአንዱ ጠርዝ በኩል ጠባብ ሰርጥ ይታያል። በሰርጡ ውስጥ አንዳንድ ጊዜ ቡናማ ዝገት ተጋግሮ ይገኛል። ይህ ዝገት በአንድ ወቅት ስለት ነበር፤ ዕቃዋም በሮማውያን ዘመን አንድ ሰው ይዞት ይዞር የነበረ የሰንጢ እጀታ ናት።

እንዲህ ያሉ እጀታዎች ሲወሱ የሚነገረው በአብዛኛው ስለ ውሻውና ስለ ጥንቸሏ ነው። የእኔ ክርክር ዝገቱ ላይ ነው። ባለፉት አሥርት ዓመታት በሜታል ዲቴክተር ከአፈር የወጡት የቢላ እጀታዎች፣ የእጀታ ቆቦችና ማቀፊያዎች ስለ ጥንቱ ተራ ሰው ኑሮ ብዙ ሊያስተምሩን ይችላሉ። ይህ የሚሆነው ግን ዕቃው ከተገኘበት ቦታና በዙሪያው ከነበረው ብረት ጋር ሲመዘገብ ነው። እስካሁን የተከማቸው እውቀት መሣሪያው በሰማውና ሕጉ ዋጋ በሰጠው ልክ የተቀረጸ ስለሆነ፣ የቢላን ታሪክ ሳይሆን የጌጡን ታሪክ እየጻፍን ነው።

ነገሩ ከአፈሩ ይጀምራል። ነሐስና ናስ መሬት ውስጥ ሲቆዩ ላያቸው አረንጓዴ ይለብስና ብዙውን ጊዜ ውስጣቸው ይተርፋል። ብረት ግን እርጥበትና አየር ሲፈራረቁበት ያብጣል፣ ይሰነጠቃል፣ በመጨረሻም ቅርጹ የማይለይ ጓል ይሆናል። እንጨትና ቀንድ እርሻ መሬት ውስጥ ይበሰብሳሉ፤ አጥንትም ቢሆን አሲዳማ አፈር ላይ ዕድሜ የለውም። ስለዚህ ከአንድ ሙሉ ቢላ ውስጥ ለእኛ የሚደርሰው ትንሹና ያጌጠው ክፍል ነው።

የቀረውን መሣሪያው ይጨርሰዋል። ሜታል ዲቴክተር ወደ መሬት መግነጢሳዊ መስክ ይልካል። ከሥር ያለው ብረታ ብረት ለዚያ የሚሰጠው ምላሽ እንደ ዓይነቱ ስለሚለያይ፣ መሣሪያው ብረትን ከናስና ከብር ለይቶ ዝም እንዲል ማድረግ ይቻላል። ብዙዎቹ ፈላጊዎች ይህን ያደርጋሉ፤ ደግሞም አይፈረድባቸውም። ለዘመናት የታረሰ ማሳ በሚስማር፣ በፈረስ ኮቴ ብረትና በማረሻ ስብርባሪ የተሞላ ነው። ለያንዳንዱ ሚስማር ጉድጓድ የሚቆፍር ሰው ቀኑን ሙሉ ከአንድ ጥግ አይወጣም። ውጤቱ ግን ይኸው ነው፦ ስለቱ ከእጀታው አንድ ክንድ ርቆ ቢተኛ እንኳ መሣሪያው ባለቤቱን ሳያነቃው ያልፋል። ፈላጊው ነሐሷን አውጥቶ ጉድጓዱን ደፍኖ ይሄዳል።

ይህ ለምን ያሳስባል? ስለ ለንደን ቢላ ሠሪዎች የምናውቀውን እንመልከት። ማኅበራቸው ከንጉሥ ሄንሪ አምስተኛ ቻርተር ያገኘው በ1416 ነው (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዚያ ዘመን አንድ ቢላ የአንድ ሰው እጅ ሥራ አልነበረም። ስለቱን አንዱ ይቀጠቅጣል፣ እጀታውን ሌላው ይሠራል፣ አፎቱን ሦስተኛው ይሰፋል፤ ሁሉን አገጣጥሞ ለገበያ የሚያቀርበው ደግሞ ሌላ ነው። የሠሪው ምልክት የሚመታው ስለቱ ላይ ነበር። ቢላ ጥራት የጎደለው ሆኖ ቢገኝ፣ ቢሰበር ወይም ቢታጠፍ ተጠያቂው የሚታወቀው በዚያ ምልክት ነው። እንግዲህ ስለቱ ሲጠፋ ስሙን የመሰከረለት ባለሙያም አብሮ ይጠፋል። በእጃችን የምትቀረው እጀታ የተዋበች ናት፤ የማን እንደሆነች ግን አትናገርም።

እጀታው ራሱም ቢሆን ተገንጥሎ ነው የሚደርሰን። በለንደን በተቆፈሩት የቴምዝ ዳርቻዎች እንደታየው፣ ከ14ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ አዲስ አሠራር ተስፋፋ። ከዚያ በፊት የስለቱ ሹል ጅራት በእንጨት ወይም በቀንድ እጀታ ውስጥ ተሰክቶ ይገባ ነበር። በአዲሱ አሠራር ጅራቱ ጠፍጣፋ ሆነና ሁለት የእንጨት፣ የአጥንት ወይም የቀንድ ሽፋኖች ከግራና ከቀኝ ተለጥፈው በሚስማር ተመቱበት። ይህ ለጌጥ በር ከፈተ፦ ሽፋኑ እንዳይሰነጠቅ በጫፉ ላይ የናስ ቆብ ተደረገ፤ ስለትና እጀታ በሚገናኙበት ቦታም ማቀፊያ ገባ። ዛሬ ከማሳ የሚወጡት እነዚህ ቆቦችና ማቀፊያዎች ናቸው። አንዳንዱ ቆብ በእንስሳ ኮቴ ቅርጽ ተሠርቷል፤ የኮቴው ጥፍርና ከላዩ ያለው ፀጉር ሳይቀር ተጭሮበታል። ሌላው የሰው ራስ ነው። እንደ አውራ ጣት ጥፍር ባለች ናስ ላይ ይህን ያህል ድካም የፈሰሰው ዕቃው ያለማቋረጥ ይታይ ስለነበር ነው።

ይታይ ነበር የምለው በምክንያት ነው። በእንግሊዝ ሹካ በማዕድ ላይ የተለመደው በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ነው፤ እንግሊዛዊው ተጓዥ ቶማስ ኮርያት በ1611 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ጣልያኖች በሹካ ሲበሉ ማየቱን እንደ አዲስ ነገር ነው የጻፈው። እስከዚያ ድረስ ሰው ግብዣ ሲሄድ የራሱን ቢላ በወገቡ ታጥቆ ነው የሚሄደው። ሙሽሮች በአንድ አፎት የገባ ጥንድ ቢላ ይሰጣቸው ነበር፤ እሱንም ከመቀነታቸው አንጠልጥለው ይታዩበታል። ልብሱ ተራ የሆነ ሰው እንኳ በቢላው እጀታ በኩል ጣዕሙንና አቅሙን ማሳየት ይችል ነበር። ንጉሥና ጳጳስ በመቃብራቸውና በሥዕላቸው ዘመናቸውን አቆይተዋል። መንደርተኛው ግን በእጁ ይዞት የኖረው ዕቃ ያለ ስም ነው የቀረለት። ለእኔ የእነዚህ ቆቦች ክብር እዚህ ላይ ነው።

ታዲያ አንዷ ቆብ ማሳ መካከል ስትገኝ ምን ትላለች? መልሱ የሚያጥረው እዚህ ላይ ነው። ባለቤቷ በዚያ ሲያልፍ ጥሏት ይሆናል። ቤት ነበረበት ይሆናል። ወይም ደግሞ በመካከለኛው ዘመን ልማድ የከተማና የቤት ጥራጊ ከፍግ ጋር ተጭኖ በማሳ ላይ ሲበተን አብራ ተበትናለች። ሦስቱ ፍጹም የተለያዩ ታሪኮች ናቸው። የሚለያቸው በዙሪያዋ ያለው የሸክላ ስብርባሪ፣ የብረት ጓልና የአጥንት ክምችት ነው። ዕቃዋ የተገኘችበት ቦታ በብሪታንያ የካርታ አቆጣጠር በስድስት አኃዝ ሲጻፍ 100 ሜትር በ100 ሜትር የሆነ መሬት ያመለክታል፤ ስምንት አኃዝ ወደ 10 ሜትር ያወርደዋል፤ አሥር አኃዝ ወደ 1 ሜትር። በእጅ ስልክ ጂፒኤስ ዘመን ስድስት አኃዝ ብቻ ጽፎ መተው ያሳዝነኛል። መቶ ሜትር ውስጥ ቤትም፣ መንገድም፣ የፍግ ማሳም አብረው ይገባሉና።

ሕጉ ግን ሌላ ነገር ነው የሚጠይቀው። በእንግሊዝና በዌልስ የ1996ቱ የተቀበረ ሀብት ሕግ ግድ የሚለው በዋናነት ከ300 ዓመት በላይ የቆዩና ቢያንስ 10 በመቶ ወርቅ ወይም ብር የያዙ ዕቃዎች ሪፖርት እንዲደረጉ ነው። ለብቻዋ የተገኘች የናስ ቆብ በዚህ ሚዛን አትቆጠርም። ባለመሬቱ ከፈቀደ ፈላጊው ኪሱ ከትቶ ሊወስዳት፣ ሊሸጣትም ይችላል። ይህ ክፍተት ምን ያህል እንደሆነ የታየው በ2010 ነው፦ በኩምብሪያ ክሮስቢ ጋሬት በተባለች መንደር አቅራቢያ የተገኘ የሮማውያን ፈረሰኛ የራስ ቁር ከነሐስ የተሠራና ብቻውን የተገኘ በመሆኑ እንደ ሀብት አልተቆጠረም፤ በጨረታ ከ2 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ተሽጦ ስሙ ያልተገለጸ ግለሰብ እጅ ገባ። በ2023 ሕጉ ተሻሽሎ ከ200 ዓመት በላይ የሆናቸው፣ ብረታ ብረት ያለባቸውና የተለየ ታሪካዊ ፋይዳ ያላቸው ዕቃዎችም እንዲካተቱ ተደረገ። መልካም ነው። ነገር ግን የተለየ የሚለው ቃል እንዲህ ያለውን የራስ ቁር ያስገባል እንጂ የመንደርተኛውን ቢላ ቆብ አያስገባም። የቆቧ ዋጋ ተራ በመሆኗ ላይ ነውና።

ይህን ጉድለት የሚሞላው በ1997 የተጀመረውና በ2003 መላውን እንግሊዝና ዌልስ ያዳረሰው የተንቀሳቃሽ ቅርሶች ምዝገባ መርሐ ግብር ነው። በእንግሊዝ በብሪቲሽ ሙዚየም፣ በዌልስ በብሔራዊው ሙዚየም በኩል ይመራል። በየአውራጃው የተመደቡ ባለሙያዎች ፈላጊዎች በፈቃዳቸው ያመጡትን ያያሉ፣ ይመዝናሉ፣ ፎቶ ያነሳሉ፣ ይመዘግባሉ፤ ከዚያም ለባለቤቱ ይመልሳሉ። እስካሁን ከአንድ ሚሊዮን ተኩል በላይ ዕቃ ተመዝግቧል። ከኔ እይታ ይህ በዘርፉ ከተደረጉት ሁሉ ትልቁ ሥራ ነው፤ በእምነትና በበጎ ፈቃድ የቆመ መሆኑ ደግሞ የበለጠ ያስከብረዋል። ስኮትላንድ የሄደችበት መንገድ የተለየ ነው። እዚያ ባለቤት የሌለው ጥንታዊ ዕቃ ሁሉ፣ ወርቅ ይሁን ናስ፣ የዘውዱ ስለሆነ ሪፖርት ማድረግ ግዴታ ነው። ዕቃን በብረቱ ዓይነት አለመመዘን የሚቻል መሆኑን የሚያሳይ ጎረቤት እዚያው ደሴት ላይ አለ።

አንዳንድ አርኪዮሎጂስቶች ሜታል ዲቴክተር ይዞ መፈለግ ጭራሹን ይከልከል ይላሉ። ስጋታቸው ይገባኛል፤ ያልታረሰ መሬት ላይ ወይም ከማረሻው ጥልቀት በታች መቆፈር የማይመለስ ጥፋት ነውና። የታረሰው ማሳ ግን ቅርስ የሚጠበቅበት ቦታ አይደለም። ማረሻ በያመቱ ዕቃውን ያንከባልለዋል፣ ይሰብረዋል፤ ማዳበሪያውም የነሐሱን መበላት ያፋጥናል። እዚያ የተተወች እጀታ ትጠፋለች እንጂ አትቆይም። ስለዚህ ፍለጋው መኖሩን እደግፋለሁ፤ የምቃወመው ፍለጋው ለሚያብረቀርቀው ብቻ ጆሮ መስጠቱን ነው።

ቦታ ሲታወቅ ምን ያህል ልዩነት እንደሚያመጣ የኮርብሪጅ ግላዲያተር ያሳያል። በ1997 አንድ ጠላቂ ከታይን ወንዝ ውስጥ ያወጣው ይህ የነሐስ የቢላ እጀታ በራስ ቁርና በጋሻ የተሸፈነ ተፋላሚ ነው፤ የሚገርመው ደግሞ ግራኝ መሆኑ። የት እንደተገኘ ስለሚታወቅ ብዙ ጥያቄ መጠየቅ ይቻላል፦ በኮርብሪጅ፣ ማለትም በሮማውያኑ የሃድሪያን ግንብ አጠገብ በነበረችው የጦር ሠፈር ከተማ ውስጥ፣ የመድረኩን ፍልሚያ ማን ይወደው ነበር? ግራኝነቱ አንድን የታወቀ ተፋላሚ ያመለክታል? ያው እጀታ ያለ ቦታው በጨረታ ሳጥን ውስጥ ቢቀር፣ ጥያቄዎቹ ሁሉ አንድ የሚያምር ነሐስ ሆነው ይቀሩ ነበር።

ለእኛ አገር አንባቢ ይህ ሩቅ ነገር አይደለም። በኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 (ይህ ዓመት እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) መሠረት ቅርስ ለመፈለግ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ በአጋጣሚ ያገኘም የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ከሕጉ በላይ ግን የቢላችን አሠራር ራሱ ነገሩን ይለውጠዋል። የሾተልና የጎራዴ እጀታ በአብዛኛው ቀንድ ወይም እንጨት ነው፤ ጌጡም ጥቂት የብር ወይም የናስ ክር ሊሆን ይችላል። ብረት እንዳይሰማ የተደረገ መሣሪያ እንዲህ ባለ መሬት ላይ ሙሉ የጦር ሜዳ ቢረግጥ ጸጥ ብሎ ሊያልፍ ይችላል። ያ ጸጥታ እዚያ ሰው አልነበረም ማለት አይሆንም። በእንግሊዝ ማሳዎችም ላይ ያለው ችግር ይኸው ነው፤ እዚያ የናሱ ብዛት ስለሚሸፍነው አይታየንም እንጂ።

መፍትሔው ውድ አይደለም። እጀታ የተገኘበትን ቦታ ፈላጊው ብረት እንዲሰማ አድርጎ ደግሞ ይመልከተው። የተገኘ የብረት ጓል ካለ ሳይፋቅና ሳይታጠብ ከእጀታው ጋር ይምጣ፤ ኤክስሬይ ሲነሳ በዝገቱ ውስጥ የስለቱ ቅርጽ፣ የሚስማሩ ቀዳዳ፣ አንዳንዴም የሠሪው ምልክት ይታያልና። በሰርጡ ውስጥ የቀረውን ዝገት ለማሳመር ብሎ መፋቅ ይቁም። በመዝገቡ ላይ ደግሞ ዕቃው ምን እንደሆነና የት እንደተገኘ ከሚለው ቀጥሎ መሣሪያው እንዴት ተስተካክሎ እንደነበር ይጻፍ። ያኔ በካርታው ላይ ቢላ የማይታይበት ባዶ ቦታ ስናይ፣ ባዶነቱ ከጥንቱ ነዋሪ ኑሮ ይምጣ ወይስ ከፈላጊው የመሣሪያ አደራረግ፣ መለየት እንችላለን።