ባሌስትራና መዶሻ

ከጓደኞቼ መካከል ሳይንስ በላቦራቶሪ ጠርሙስ ውስጥ ብቻ የሚገኝ የሚመስላቸው አሉ። እኔ ግን በበቆጂ ከቀጥቃጩ ወናፍ አጠገብም አለ ባይ ነኝ።

የካሚዮን ባሌስትራ ሲሰበር ቀጥቃጮች ገዝተው ማጭድና መጥረቢያ ይሠሩበታል። ይህ ብረት ግን ወደ መስፉ ከመምጣቱ በፊት የራሱ ታሪክ አለው። ባሌስትራ በፋብሪካ ሲሠራ ብዙውን ጊዜ ጥቃቅን የብረት እንክብሎች በሴኮንድ 50 ሜትርና ከዚያም በላይ በሚደርስ ፍጥነት ይወረወሩበታል። ብረት ለዓይን አንድ ወጥ ይምሰል እንጂ አቶሞቹ እንደ ተሰለፈ ጦር በረድፍ የቆሙ ክሪስታሎች ስብስብ ነው። እንክብሉ ሲመታው በገጹ ላይ ያሉት ረድፎች ይንሸራተታሉ፥ ይጠላለፋሉም፤ አንዴ ከተጠላለፉ በኋላ እንደ ገና መንሸራተት ስለሚቸግራቸው ገጹ ይጠነክራል። ደግሞም የተመታው ገጽ ልስፋ ሲል ውስጡ ስለሚይዘው እንደ ተጨመቀ ይቀራል፤ ስንጥቅም በቀላሉ አይከፈትበትም። የማያምን ሰው ሽቦ ወስዶ ወዲያና ወዲህ ያጥፍ፤ መጀመሪያ ይታዘዛል፥ ቀጥሎ እምቢ ይላል፥ በመጨረሻ ይሰበራል።

ድንጋይም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም። በአሜሪካ አገር በአሪዞና ከ50,000 ዓመት ገደማ በፊት ከሰማይ የወደቀ ብረት ምድሩን ሲመታ፥ ኳርትዝ የተባለው ማዕድን ተጨምቆ ኮሳይት ወደሚባል ሌላ ክሪስታል ተለውጧል፤ ሊቃውንት ይህን ያገኙት በ1960 እ.ኤ.አ. ነው። (የእኛ ጭላሎና ካካ የእሳተ ገሞራ ሥራ ስለ ሆኑ፥ ኮሳይት ፍለጋ የሚወጣባቸው ሰው በከንቱ ይደክማል።)

ወደ ቀጥቃጩ እንመለስ። ባሌስትራውን በከሰል እሳት ሲያግለው ያ የፋብሪካ መጠላለፍ ሁሉ ይፈታል፤ አዲስ ክሪስታልም ይበቅላል። ስለዚህ መዶሻው እንደ ወደደ ያደርገዋል። ስለቱን አግሎ በውሃ ሲነክረው ደግሞ አቶሞቹ ወደ ቀድሞ ቦታቸው ለመመለስ ጊዜ ያጣሉ፤ ሌላ፥ እጅግ ጠንካራ የሆነ አሰላለፍም ይይዛሉ። ሙቀቱን የሚለካውም በቴርሞሜትር ሳይሆን በብረቱ ቀለም ነው።

ታዲያ ይህን የሚያውቅ ሰው ስለ ምን ይናቃል? ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጆችን መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ አስነግረው ነበር። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ቢያልፍም ስድቡ ከአንዳንድ ሰው አፍ ገና አልጠፋም። የቀጥቃጭ ልጅ በክፍል ውስጥ የአባቱ ሥራ ሲጠየቅ ድምፁን ዝቅ የሚያደርግ ከሆነ፥ ነውሩ የእኛ የጓደኞቹ ነው፤ በቤት ያን ቃል ያስተማሩን ወላጆችም ይካፈሉታል።

መምህራኖቻችን ስለ ክሪስታል በሚያስተምሩበት ሳምንት አንድ ቀን ክፍሉን ወደ ቀጥቃጩ ዘንድ ቢወስዱልን እንወዳለን። ትምህርት ቤቱም የድካሙን ዋጋ ይክፈለው፤ ለጥያቄያችን መልስ ሲሰጥ የሚያልፈው ሰዓት የእንጀራው ሰዓት ነውና።