ሻምፒዮን የነበረው ክለብ 4ኛ ዲቪዚዮን ተገኘ፦ ቡርሳስፖርን ምን በላው?

ስለ ቱርክ ኳስ ሲወራ አብዛኞቻችን የምናውቀው ኢስታንቡልን ነው። ኦሲምሄን በ75 ሚሊዮን ዩሮ ጋላታሳራይ ገባ፣ ሞሪንሆ ፌነርባቼን ይዞ ስለ ዳኞች ሲያማርር ከረመ፣ ምናምን። ዛሬ ግን የማርማራን ባሕር ተሻግረን ቡርሳ እንውረድ። ሬኖና ፊያት የሚመረትባት የፋብሪካ ከተማ ናት። ክለቧ ቡርሳስፖር በ1963 አምስት ትንንሽ የከተማዋ ክለቦች ተዋህደው የፈጠሩት ነው። መለያው አረንጓዴና ነጭ፣ ቅጽል ስሙ አዞዎቹ። (ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ነው የምንጽፈው።)

ግንቦት 16 ቀን 2010 እንጀምር። የሱፐር ሊጉ የመጨረሻ ቀን ነው። ፌነርባቼ በ73 ነጥብ ይመራል፣ ቡርሳስፖር በ72 ይከተላል። ፌነርባቼ በሜዳው ከትራብዞንስፖር ጋር 1ለ1 ላይ ነው። ቡርሳ ላይ ደግሞ አዞዎቹ ቤሺክታሽን 2ለ1 እየመሩ ነው። በዚህ መሀል የፌነርባቼ ስታዲየም አስተዋዋቂ የቡርሳ ጨዋታ 2ለ2 ሆነ ብሎ ለፈፈ። ውሸት ነበር! ጨዋታው ሲያልቅ ደጋፊው ሜዳ ገብቶ ይጨፍራል፣ ተጫዋቾቹ ይተቃቀፋሉ። ከደቂቃዎች በኋላ ነው እውነቱ የደረሰው። 75 ለ74፣ ዋንጫው የቡርሳስፖር ነው። ጭፈራው ወደ ለቅሶ፣ ለቅሶው ደግሞ ወንበር ወደ ማቃጠል ተቀየረ።

ያ ዋንጫ ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ ለመረዳት ይቺን ብቻ ያዙ። ሊጉ በ1959 ከተጀመረ ወዲህ ከኢስታንቡል ውጭ ሻምፒዮን የሆኑት ሁለት ክለቦች ናቸው፤ ትራብዞንስፖርና ቡርሳስፖር። አሰልጣኙ ኤርቱግሩል ሳግላም፣ የቡድኑ አእምሮ ደግሞ አርጀንቲናዊው ፓብሎ ባታላ ነበር። በትልልቅ ስሞች የተሞላ ቡድን አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ የሚበላሸው። በቀጣዩ ዓመት ሻምፒዮንስ ሊግ ገቡ፣ ከማንቸስተር ዩናይትድ፣ ከቫሌንሲያና ከሬንጀርስ ጋር ተደለደሉ። ስድስት ጨዋታ፣ አንድ ነጥብ፣ ሁለት ጎል አግብተው 16 ተቆጠረባቸው። መሸነፉ አይደለም ችግሩ፤ በዚያ ምድብ ብዙ ክለብ ይሸነፋል። ችግሩ አንዴ ከላይ ያለውን ማዕድ ካዩ በኋላ የወጪው ልክ መቀየሩ ነው። ገና በ2012 ዩኤፋ ባልተከፈለ ዕዳ ምክንያት ከአውሮፓ ውድድር ሊያግዳቸው ወስኖ ነበር፣ በይግባኝ ነው የተረፉት። ያኔ ደወሉ ጮኋል፣ የሰማ ግን ያለ አይመስልም።

የዕዳው አሠራር እንዲህ ነው። የቱርክ ክለቦች ለውጭ ተጫዋች በአብዛኛው የሚፈርሙት በዩሮ ነው። ትኬትና ማሊያ የሚሸጡት ግን በሊራ። በ2010 አንድ ዩሮ 2 ሊራ ገደማ ነበር። በ2019 ከ6 አለፈ። በ2024 ደግሞ 35 አካባቢ ደረሰ። ብር ከዶላር ጋር ሲታገል ያየ የኛ ሰው ይሄ ሒሳብ አይጠፋውም፤ ምንም ሳትገዛ ዕዳህ ያድጋል። ደመወዙ የቀረበት ተጫዋች ፊፋ ይሄዳል። ፊፋ ክለቡ እስኪከፍል አዲስ ተጫዋች እንዳያስመዘግብ ያግዳል። ክለቡ መግዛት ስለማይችል ይዳከማል፣ ሲዳከም ገቢው ይቀንሳል፣ ገቢው ሲቀንስ ዕዳውን መክፈል ያቅተዋል።

በ2019 ከሱፐር ሊጉ ወረዱ። ሻምፒዮን ሆኖ ከሚያውቅ ክለብ ይሄ የደረሰበት የመጀመሪያው ነው። በ2022 ወደ ሦስተኛው እርከን፣ በ2024 ወደ አራተኛው። በአምስት ዓመት ሦስት ደረጃ ቁልቁል።

የሚያስቆጨው ደግሞ አካዳሚያቸው ልጅ ያወጣ ነበር። ፕሪምየር ሊግ የምትከታተሉ የቦርንማውዙን ኤነስ ኡናልን ታውቁታላችሁ፤ የቡርሳ ልጅ ነው፣ በ2015 ለማንቸስተር ሲቲ ሸጡት። በ2021 ግን ጎል አግቢው ወጣት አሊ አክማን ኮንትራቱ አልቆ ያለ ዝውውር ክፍያ ፍራንክፈርት ገባ። የተቸገረ ክለብ ያለውን ሀብት እንኳ በወጉ መሸጥ አይችልም።

ደጋፊውን በተመለከተ ሁለት ነገር አብረን መናገር አለብን። አንዱ ጥቁር ነው። በመጋቢት 2023 የዲያርባኪር ክለብ የሆነው አመድስፖር፣ ብዙ ኩርዶች እንደራሳቸው የሚያዩት ቡድን፣ ቡርሳ ሲመጣ ተጫዋቾቹ ላይ ዕቃ ዘነበባቸው። ተመልካቹ መሀል የነጭ ቶሮስ መኪና ምስል ከፍ ተደረገ። ቶሮስ በ1990ዎቹ ኩርዶች ታፍነው የሚወሰዱበት መኪና ተደርጎ የሚታወስ የሬኖ ሞዴል ነው፤ የተመረተውም እዚያው ቡርሳ ነው። ለኩርድ ተጫዋች ያ ምስል ግልጽ ማስፈራሪያ ነው። ፌዴሬሽኑ ቡርሳስፖር ጨዋታዎችን በዝግ ስታዲየም እንዲያደርግ ቀጣ። «ደጋፊ ነው፣ ስሜት ነው» ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም፣ እኛም አናልፈውም።

ሁለተኛው ደግሞ ይሄ ነው። በ2015 የተከፈተው ስታዲየም 43 ሺህ ገደማ ሰው ይይዛል፣ ከውጭ ሲታይ አዞ እንዲመስል ተደርጎ የተሠራ። ክለቡ አራተኛ እርከን ሲገባ ባዶ ይቀራል ብሎ ያልጠበቀ አልነበረም። ተቃራኒው ሆነ። በ2024/25 አንዳንድ ጨዋታዎችን ከ40 ሺህ በላይ ሰው አየ፤ አራተኛ ዲቪዚዮን ላይ! በአውሮፓ ስንት የአንደኛ ሊግ ክለብ ነው ይሄን ቁጥር የሚያልመው? ባታላም ክለቡ በተቸገረበት ጊዜ በአሰልጣኝነት ተመልሶ መጥቶ ነበር።

በ2025 ሊጉን አሸንፈው ወደ ሦስተኛው እርከን ተመለሱ። እዚህ ላይ ነው የኛ ጥርጣሬ ያለው። የሞላ ስታዲየም ገንዘብ ያመጣል፣ ግን ትዕግሥት የለውም። 40 ሺህ ሰው «ተጫዋች ግዙ!» እያለ ሲጮህ እምቢ የሚል አመራር ማግኘት ከባድ ነው። ቡርሳን የጣላት ድህነት ሳይሆን ከድል በኋላ የመጣ ችኮላ ነው ብለን እናምናለን። ስለዚህ ከጎሉ ይልቅ የምንከታተለው የሚፈርሟቸውን ኮንትራቶች ነው፤ በሊራ ነው ወይስ በዩሮ?