የትኛው ብር ነው የወረደው?

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት ላይ፣ ጡረታ ከወጡ ብዙ ዓመት የሆናቸው አንድ ጎረቤቴ ቤት ቡና ተጠርቼ ነበር። ሁለተኛው ስኒ ላይ ስንደርስ ጋሼ ከአልጋቸው ሥር የኒዶ ቆርቆሮ አወጡ፤ ክዳኑን በማንኪያ እጀታ ፈልቅቀው ጠረጴዛው ላይ ገለበጡት። በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ የተጠቀለሉ ሰባት ጠገራዎች፣ ሁለት የምኒልክ ብሮች፣ አንድ እፍኝ ስሙኒና ሽልንግ ተንኮሻኩሸው ወጡ።

«የእህቴ ልጅ ከአሜሪካ ደውሎ ነበር» አሉኝ። «ጋሼ፣ ብር እየወረደ ነው፤ ሳይብስበት ይሽጡት አለኝ። አንተ ጋዜጣ ላይ የምትጽፍ ሰው ነህ፤ እስቲ ንገረኝ። ልሽጥ ወይስ ላቆይ?»

«የትኛው ብር ነው የወረደው ጋሼ?» አልኳቸው።

ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። እኔ ግን አልቀለድኩም። በአማርኛ ማዕድኑም ብር ነው፣ ገንዘቡም ብር ነው፣ የጥንቱ ድፍንም ጠገራ ብር ነው። የእህታቸው ልጅ በስልኩ የሚያየው የማዕድኑን ዋጋ ነው፣ ያውም በዶላር። ጋሼ ደግሞ ሾላ ገበያ ወርደው ቅቤና በርበሬ የሚገዙት በሌላኛው ብር ነው። አንዱ ሲወርድ ሌላው ቆሞ አይጠብቀውም።

እስቲ እናስላው። አንዲት ጠገራ፣ ማለትም የእቴጌ ማሪያ ቴሬዛ መልክ ያለባት ማርትሬዛ፣ 28 ግራም ያህል ትመዝናለች። አባቶቻችን ወርቅ የሚመዝኑበት ወቄትም ከእሷ ክብደት የሚስተካከል ነበር። ከ28ቱ ግራም ንጹሕ ብሩ 23.4 ግራም ያህል ነው፤ የአንድ አውንስ ሦስት አራተኛ መሆኑ ነው። ማዕድኑ በአውንስ 30 ዶላር፣ ዶላሩ ደግሞ 57 ብር ቢሆን ጠገራዋ ውስጥ ያለው ማዕድን ብቻ 1,290 ብር ገደማ ያወጣል። አሁን ማዕድኑ ወደ 24 ዶላር ይውረድ፤ ከአምስት እጅ አንዱን አጣ ማለት ነው። ዶላሩ ግን 110 ብር ከገባ ያቺው ጠገራ ወደ 1,980 ብር ትጠጋለች። ማዕድኑን በ30 እና በ24 ዶላር ያሰላሁት ለምሳሌ ያህል ነው። የምንዛሪው ነገር ግን ምሳሌ ብቻ አይደለም፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቀው 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን ተሻግሯል። በዚያ ዋዜማ «ብር ወረደ» ሲሉት ደንግጦ ጠገራውን የሸጠ ሰው፣ ያልወረደውን ብር ሰጥቶ ሊወርድ የተዘጋጀውን ብር ተቀበለ።

ጋሼ ወረቀት አምጥተው ሒሳቡን ራሳቸው ደገሙት። በደርግ ጊዜ ሒሳብ ሹም ነበሩና የሰው ድምር አያምኑም።

እኔ ነገሩን የተማርኩት በዋጋ ከፍዬ ነው። በ2013 ነው፤ ኮሮና ቱሪስቱን አባሮ፣ የሰሜኑ ጦርነት ደግሞ የቀረውን በር በዘጋበት ዓመት። የልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ ደርሶብኝ አባቴ የተዉልኝን አራት ድፍን ብር ይዤ አንድ ወርቅ ቤት ገባሁ። ሰውየው አራቱንም አንድ ላይ ሚዛኑ ላይ አፈሰሳቸው፣ ግራሙን አነበበ፣ ካልኩሌተሩን ነካ ነካ አደረገና «ገበያ የለም፣ ፈረንጅ የለም» ብሎ ዋጋውን ነገረኝ። ተቀብዬ ወጣሁ። ማታ ቤት ታላቅ እህቴ «ያቺ አንበሳ ያለባትስ?» አለችኝ። ከአራቱ አንዷ የምኒልክ ብር ኖራለች። ሻጭም ገዢም አላገላበጥናትም። በማግስቱ ስመለስ ቀልጣለች ተባልኩ። እውነቱን ይሁን ውሸቱን እስከ ዛሬ አላውቅም።

«ገበያ የለም» የምትለዋን ቃል ያን ቀን አላጤንኳትም ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ የድሮ ገንዘብ ገበያ ማለት ዋጋ የሚለጠፍበት ሰሌዳ ያለው ነገር አይደለም። ቸርችል ጎዳና ላይ ያሉ የስጦታ ዕቃ ሱቆች፣ ከፒያሳ የተረፉ ወርቅ ቤቶች፣ መርካቶ ውስጥ ጥቂት ነጋዴዎች፣ አስጎብኚዎች፣ በስም የሚተዋወቁ እፍኝ የማይሞሉ ሰብሳቢዎች ናቸው። ስለዚህ እኛ ዘንድ ገበያው ወረደ ሲባል ብዙ ጊዜ ገዢው ሄዷል ማለት ነው። ፈረንጁ ሲሄድ ሰብሳቢውም እጁን ይሰበስባል፤ የሚቀረው አንጥረኛው ብቻ ነው። አንጥረኛው ደግሞ የሚገዛው ግራም ነው፤ ታሪክ እንዲገዛም አይጠበቅበትም። በእንዲህ ያለ ጊዜ ሊሸጥ የሚመጣው የቸገረው ብቻ ነው፣ የቸገረው ደግሞ እርጉዝ ያገባል።

ሰው ሁሉ የሚፈራው መውረዱን ነው፤ እኔን የሚያስፈራኝ መውጣቱ ነው። በጥር 1972 ሀንት የተባሉ የቴክሳስ ባለጸጋ ወንድማማቾች የዓለምን ብር ሲያከማቹ የአንድ አውንስ ዋጋ 50 ዶላር ሊነካ ደርሶ ነበር። በዚያው ዓመት መጋቢት 18 ቀን ከ11 ዶላር በታች ወደቀ። ከውድቀቱ በፊት ግን በአሜሪካና በአውሮፓ ሰው የአያቱን የብር ማንኪያ ሳይቀር ተሰልፎ ለማቅለጫ ሸጧል፤ አሮጌ ድፍኖችም አብረው እሳት ገብተዋል። በሚያዝያ 2003 ዋጋው እንደገና ወደ 50 ዶላር ተጠጋ፤ ወር ሳይሞላው ተንሸራተተ። ማዕድን ሲወደድ የተቸገረውም ያልተቸገረውም ይሸጣል፣ አንጥረኛውም ወናፉን አያሳርፍም። ሲረክስ ግን ድፍኑን ማቅለጥ ብዙ አያዋጣም። የቀዘቀዘ ገበያ ለሰብሳቢ መጥፎ ዘመን ነው የሚሉኝን የማልሰማቸው ለዚህ ነው፤ ለድፍኑ ለራሱ ደህና ዘመን ነው።

ይህን ስል ማቆየት ሁልጊዜ ያዋጣል ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። አሞሌም ገንዘብ ነበር። አሞሌ ያቆየ ሰው ዛሬ ያለው ጨው ነው፣ እሱም ዝናብ ካልነካው። መስከረም 4 ቀን 2013 የብር ኖት መቀየሩ ሲታወጅ ፍራሽ ሥር ያቆየውን በሦስት ወር ውስጥ ያልለወጠ ሰውም የቀረው ወረቀት ነው። ማቆየት የሚያዋጣው የሚቆየው ነገር ሲኖረው ነው።

የጋሼ ቆርቆሮ ውስጥ ምን ነበረ? መጀመሪያ ማርትሬዛዎቹን ለየናቸው። እቴጌዪቱ የሞተችው በ1780 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ ከዚያ ወዲህ በቪየና ይመታ፣ በሮም ወይም በለንደን፣ ሁሉም ላይ የሚታተመው ያው ዓመት ነው። አያቶቻችን የትከሻ ጌጧን ዕንቁዎች እየቆጠሩ ነበር የሚቀበሏት። ከጋሼ ሰባቱ ማርትሬዛዎች ሁለቱ ለአንገት ጌጥነት የተበሱ ናቸው፤ አንዷ እንዲያውም ቀለበቷ እንደተበየደ ነው። ሰብሳቢ የተበሳ ድፍን ዋጋውን ይቆርጥበታል፤ አንጥረኛ ግን ቀዳዳዋን ከቁብ አይቆጥርም።

የምኒልኮቹ ነገር ሌላ ነው። ከጋሼ ቤት ጀርባ ያለውን ባሕር ዛፍ ይዞ ሽቅብ ለወጣ ሰው እንጦጦ ማርያም ሩቅ አይደለችም፤ ምኒልክ በጥቅምት 1882 ዘውድ የጫኑት እዚያ ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ ፓሪስ ያስመቱት በመልካቸው የታተመ ብር መጣ። ክብደቱም ጥራቱም ከማርትሬዛ አያንስም። ሕዝቡ ግን አላመነውም፤ ገበያ ላይ ስትፈለግ የኖረችው ያቺው አሮጊቷ ማርትሬዛ ነች። በዘመኑ ሰው ፊት የነሳው ድፍን ዛሬ ከማርትሬዛ የበለጠ ይፈለጋል። ጋሼ አጉሊ መነጽራቸውን አንስተው አንበሳው የፊት እግሩን የቱን እንዳነሳ አሳዩኝ፤ በአንዱ ግራውን፣ በሌላው ቀኙን። ሰብሳቢ የሚጣላው በእንዲህ ዓይነቱ ነገር ነው።

ከስሙኒዎቹ መካከል ደግሞ አንዷ ጠርዟ ሞገድ ሞገድ ነበር። በ1936 ዓ.ም. የተመታችው ስሙኒ የመዳብ ሆና ክብ ነበረች። ሽልንጉ ግን የብር ነበርና አጭበርባሪው ስሙኒዋን ብር እየቀባ ሽልንግ ነው ብሎ ይሰጥ ጀመር። ከዚያ ወዲህ ነው ጠርዟ እንዲህ የሆነው፣ ሰው በጣቱ ዳብሶ እንዲለያት። ይህችን ማንም በግራም አይገዛትም፤ ጋሼም አይሸጧትም፤ በልጅነታቸው በስሙኒ ምን ምን ይገዛ እንደነበር ሲያወሩ ቡናው ቀዘቀዘ።

ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው። ገንዘብ ካላስቸገራችሁ በቀዘቀዘ ገበያ አትሽጡ፤ በተለይ ምኒልኩን። ካስቸገራችሁ አታፍሩ፤ የልጅ ክፍያ ከድፍን ይቀድማል። ግን የተበሱትንና በብዛት ያሏችሁን ማርትሬዛዎች አስቀድሙ፣ አንድ በአንድ እያስመዘናችሁ፣ ሁለት ሦስት ቦታ ጠይቃችሁ። የአክሱም ሳንቲም እጄ ገብቷል የሚል ካለ እሱ ከዚህ ጨዋታ ውጭ ነው። ከእንዱቢስ ጀምሮ ነገሥታቱ ያስመቱት ወርቅ፣ ብርና ነሐስ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የሚጠበቅ ቅርስ ነውና ወደ ቅርስ ባለሥልጣን ነው የሚኬደው። ቱሪስት የሚገዛው ከሆነም አብዛኛው አስመስሎ የተሠራ ነው።

ጋሼ የጣራቸው ቆርቆሮ ክረምት ሳይገባ መቀየር አለበት። ሁለቱን የተበሱ ጠገራዎች ለይተው በወረቀት ጠቀለሉ፤ ለአናጢው ቀብድ ይሆናሉ። የቀሩትን ወደ ኒዶው መለሱ። ልወጣ ስል አንዱን ምኒልክ በሎሚና በአመድ ሊያሹት አነሱ፤ ድፍኑን ይጎዳዋልና እጃቸውን ያዝኩ።

እናንተም አደራ፣ ቤታችሁ ያለውን ድፍን ሚዛን ላይ ከማውጣታችሁ በፊት አገላብጡት፣ ፊቱንም ጀርባውንም ፎቶ አንሱት። ሎሚውን ለሰላጣ ተዉት።