ስሌቱ በስልክ፣ ምግቡ በግምት

ከቃሊቲ ወጥቶ በዱከም መንገድ ገላን የሚደርስ ባለሀብት አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ መሬት፣ ስለ መብራትና ስለ ዶላር ነው። የከተማው ወጣት ባለገንዘብ በአንጻሩ ፋብሪካ ያደክመዋል። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ሐሳቡ ሁሉ ሞባይል አፕ ላይ ነው። የጤናው ዘርፍም ከዚህ ዓይን አላመለጠም። በጽኑ ሕሙማን ክፍል ተኝቶ መዋጥ ለተሳነው በሽተኛ በአፍንጫው በገባ ቱቦ የሚሰጠውን ምግብ መጠን የሚያሰላ አፕ በውጭው ዓለም አለ። እዚህ ቢሠራ ገዢ አያጣም የሚል ካለ ግን፣ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ቱቦው ውስጥ የሚገባውን ነገር ቢያይ ይሻለዋል።

ስሌቱ ራሱ ከባድ አይደለም። ለአዋቂ በሽተኛ በተለምዶ የሚያዘው በአንድ ኪሎ ክብደት በቀን ከ25 እስከ 30 ካሎሪ ነው፤ እሱም ከመጀመሪያው ቀን ሳይሆን ቀስ በቀስ የሚደረስበት። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ዝቅተኛው ልክ 1,500 ካሎሪ ይሆናል። በአንድ ሚሊ ሊትር አንድ ካሎሪ የያዘ የፋብሪካ ፈሳሽ ምግብ ከተገኘ በሰዓት 62 ሚሊ ሊትር ግድም መስጠት ነው። አፑ ይህን ከማስላቱም በላይ፣ ምግቡ ለምርመራ ሲቋረጥ የቀረውን ያካክሳል። ብዙ ቀን ሳይበላ የቆየ በሽተኛ በድንገት ብዙ ቢሰጠው የደሙ ፎስፌትና ፖታሲየም ወርዶ ሊሞት ስለሚችልም ያስጠነቅቃል። ሥራ ለበዛባት ነርስ ይህ ትልቅ እገዛ ነው።

ይሁንና በሀገራችን ሆስፒታሎች ብዙ ጊዜ በቱቦው የሚገባው አስታማሚ በፔርሙስ የሚያመጣው አጥሚት፣ ወተት ወይም ሾርባ ነው። የአንዱ ቤት አጥሚት ወፍራም፣ የሌላው ቀጭን ነው። ወፍራሙ ቱቦውን ይደፍናል፤ በውኃ የቀጠነው ደግሞ ሆድ ይሞላል እንጂ ጉልበት አይሆንም። አፑ «በሰዓት 62» ሲል የምኑን 62 ነው? ጤፉ ውስጥ ጀሶ ይኑር አይኑር ሳያይ ሚዛን ብቻ አምኖ የሚገዛ ነጋዴ መርካቶ ውስጥ አይገኝም።

ለዚህ ማስረጃው ሩቅ አይደለም። በጤና ተቋሞቻችን በምግብ እጥረት ክፉኛ ለተጎዱ ሕፃናት ኤፍ 75 እና ኤፍ 100 የተባሉ የወተት ዱቄቶች ሲሰጡ ቆይተዋል፤ መዋጥ ላቃተው ሕፃን በአፍንጫ ቱቦ ይሰጣሉ። ነርሷ ክብደቱን መዝና ልኩን ከሰንጠረዥ ታነባለች። ያ ሰንጠረዥ ባትሪ የማይፈልግ አፕ ነው ቢባል ስህተት አይሆንም። የሠራውም የኤፍ 75 ፓኬት የትም ቢከፈት፣ እንደ መመሪያው ከተበጠበጠ፣ በ100 ሚሊ ሊትር 75 ካሎሪ ስለሚሰጥ ነው።

ለአዋቂው ታዲያ ለምን ቀረ? የውጭው ቆርቆሮ በዶላር ይገዛል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አልፏል። ገዢው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ያው ፔርሙስ ተሸካሚ ቤተሰብ ነው።

የገላን ባለሀብት መግባት ያለበት እዚህ ላይ ነው። በከተሞቹ ዙሪያ ጥሬ ዕቃው አለ። ሱሉልታ የወተት ሀገር ናት፤ ማማ ወተት የሚመረተው ሰበታ ነው። በሁዳዴ 55 ቀናት ገዢ የሚያጣው ወተት ወደ ዱቄት ቢለወጥ ለገበሬውም፣ ለፋብሪካውም ዋጋ ይሆናል። ዘይትና ስኳር ይጨመርበታል፤ ከውጭ መምጣት ያለበት የቫይታሚንና የማዕድን ቅልቅል ከጠቅላላው ክብደት ጥቂቱ ነው። ሂሊና ለተጎዱ ሕፃናት የሚሰጠውን የለውዝ ምግብ እዚሁ አምርቶ መንገዱን አሳይቷል። ለመድኃኒት አምራቾች የተዘጋጀው የቂሊንጦ ፓርክም ለገላን ጎረቤት ነው።

አደጋው አይሸሸግም። ዱቄቱ ውስጥ ባክቴሪያ ከገባ የደከመ በሽተኛ ይገድላል፤ ስለዚህ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንን ቁጥጥር ማለፍ ግድ ነው፤ ይህም ጊዜም ገንዘብም ይፈልጋል። የጽኑ ሕሙማን አልጋም ጥቂት ነው፤ በእሱ ብቻ ፋብሪካ አይቆምም። ነገር ግን በስትሮክ መዋጥ የተሳነው፣ ከአርሲና ከባሌ በምግብ ቧንቧ ካንሰር የሚመጣው፣ ሰውነቱ የተቃጠለው ሁሉ ይህንኑ ዱቄት ይፈልጋል። ሲደመር ገበያው ከሚታሰበው ይሰፋል።

አፑስ? ፓኬቱ ላይ አድራሻው ታትሞ በነፃ ይውረድ። ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ፣ በአማርኛና በኦሮምኛ የሚያነብ ይሁን። አምራቹ አይከስርም፤ የሚሸጠው ዱቄቱን ነው።