አራዳ የሚለው ቃል ከወዴት መጣ

«ልጄ አራዳ ሆነብኝ» እያሉ የሚያዝኑ ወላጆች አሉ፤ በዚያው መንደር ደግሞ «ልጄ አራዳ ነው፤ ማንም አያታልለውም» ብለው የሚመኩ አሉ። አንዱ ቃል ለሐዘንም ለትምክሕትም ሲውል ስለምናይ፥ ከመውቀሳችንም ሆነ ከማመስገናችን አስቀድሞ የቃሉን ትውልድ መመርመር ተገቢ መስሎ ታየን።

አራዳ አስቀድሞ የሥፍራ ስም እንጂ የጠባይ ስም አልነበረም። ሥፍራውም ከጠላት ወረራ በፊት የአዲስ አበባ ዋና ገበያ ይውልበት የነበረው፥ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ያለው ሠፈር ነው። ቅቤና ማር የጫነው ባላገር፥ ነጋድራሱ፥ አርመኑ፥ ግሪኩና ሕንዱ ባለሱቅ ሁሉ በዚያ ይገናኙ ነበር። ከተማውን የሚጠብቁት እንኳ «የአራዳ ዘበኞች» ይባሉ ነበር። በዚያ ያደገ ልጅ የሚዛኑን ማጋደል፥ የጠገራ ብሩን ድምፅ፥ የደላላውን ጥቅሻ ለይቶ ያውቃል፤ «የአራዳ ልጅ» ማለትም ይህን የሚያውቅ ማለት ሆነ።

በ1928 ዓ.ም. ከተማውን የያዘው ኢጣሊያዊ፥ ነጭና ጥቁር እንዳይቀላቀል ብሎ አራዳን ለወገኖቹ አደረገ፤ ሠፈሩም «ፒያሳ» ተባለ። የአገሬውን ገበያ ግን ወደ ምዕራብ ገፋው፤ እርሱም «መርካቶ» ተባለ፤ በኢጣሊያንኛ ገበያ ማለት ነው። ጠላት በ1933 ዓ.ም. ቢወጣ ሁለቱም ስሞች ቀሩ። ገበያው ሲሄድ የገበያው ብልኀትም አብሮ የሄደ ይመስለናል፤ በምናለሽ ተራ አካባቢ ያደገ፥ ቅዱስ ራጉኤልን የሚሳለም የመርካቶ ልጅ፥ ባልተወለደበት ሠፈር ስም አራዳ ይባላልና።

ወጣቶቹ በዚሁ ስም የራሳቸውን ቋንቋ አበጅተዋል። ከቃላቸው አንዱ «ነቄ» ነው፤ የነቃ፥ የማይታለል ማለት ነው። ሥሩ «ነቃ»፥ በግዕዝም «ነቅሀ» ስለ ሆነ፥ አዲስ ነገር አወጣን የሚሉት ልጆች ሳያውቁት ከቤተ ጉባኤው ጓዳ እየተበደሩ ነው። በዚህስ አልተቀየምንም።

የምንቀየመው የአራዳ ተቃራኒ አድርገው በሚናገሩት «ፋራ» በሚለው ቃል ነው። ጋቢውን ተከናንቦ፥ ለእኅቱ ቤት ማር ይዞ ከአውቶቡስ ተራ የወረደውን አጎቱን፥ ልጁ በባልንጀሮቹ ፊት «ፋራ ነው» ብሎ ሲያፍርበት፥ ያ ሰው ቃሉን ባያውቀው የልጁን ፊት ያነባል። የቀድሞውን አራዳ አራዳ ያደረገው ማን ነበር? በቅሎውን እየነዳ ከገጠር የመጣው ባላገር አይደለምን? የመርካቶው እህል በረንዳስ በማን ጤፍ ስሙን አገኘ?